የማዘጋጃ ቤቱ በር መንጠቆ

ሰኞ፣ ማርች 6

የምክር ቤት ስብሰባ። እንደ ወትሮው ወሬው ብዙ፣ ሥራው ጥቂት። መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ... ያፈሳል። ሕንፃው የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ ውስጡ የሚጸለየው የአባ ፕሮስፔር። መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ከተፋቱ መቶ ዓመት አልፏል፤ በፍቺው ጣሪያው ለኛ ደረሰን። ዝናቡ አባ ላይ ያንጠባጥባል፣ ምዕመኑ እኔን ይቆጣል። ከንቲባ መሆን ማለት ይኸው ነው።

ቀጥሎ የማዘጋጃ ቤቱ በር። ከፍቶ የሚይዘው መንጠቆ ከተሰበረ ስንት ጊዜው? ከምዕራብ ነፋስ በመጣ ቁጥር ድርግም ብሎ ይዘጋል። ምክትሌ ጊስሌን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፣ ዛሬም ሁላችንን ተማሪ ነው የምታደርገን። "ፊርመን፣ የሰው ጣት ቢቆረጥ ማን ይጠየቃል?" አለችኝ። "እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?" ለሚመጣው ስብሰባ ተላለፈ። እስከዚያው ደፉ ላይ ያለው ድንጋይ ይደግፈው።

ማታ ለጓደኛዬ ለማርስለን ነገርኩት። ሳቀ፣ ሳቀ... ሰርጌን አስታውሶ ነው። የዚያን ጊዜው ከንቲባ እኔንና ኡጌትን ሲያጋባን ይኸው በር በነፋስ ተዘጋ። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ፣ "በተዘጋ በር የተጋባ አልተጋባም። ክፈቱልኝ፣ ከሀ እጀምራለሁ" አለ። ሕጉ ነው። ሰው ሲጋባ የማዘጋጃ ቤቱ በር ክፍት ይሆናል፤ የሚቃወም ካለ ገብቶ እንዲናገር። ማርስለን ምስክሬ ነበር። ኡጌትን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "አሁንም ማምለጥ ትችያለሽ፣ ሩጪ!" አላት። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ እስካሁን በሳቅ ይሞታል።

ደስ አለኝ ሲስቅ ሳየው። ሚስቱ ማርት ከሞተች ወዲህ በጎቹን ማለብና እሑድ ከጎኔ ተቀምጦ ማስቀደስ ነው ኑሮው።

ሐሙስ፣ ማርች 9

ኖኤሚ ቢሮ መጣች። የማርስለን ልጅ፣ የኔ የክርስትና ልጅ። ከእንስሳት ሐኪሟ ከክሎቲልድ ጋር።

"ምነው፣ ደግሞ የአጥር ፈቃድ ነው?"

"ጋብቻ ነው አባባ ፊርመን።"

"እሰይ! ማነው ዕድለኛው?"

ክሎቲልድ ጫማዋን አየች። ...እኔ ደደብ! ፊት ለፊቴ ተቀምጣ!

አላውቅም ነበር ልበል? አልልም። አሮጌው ፖስታ ቤት ውስጥ አብረው ከገቡ ስንት ክረምት አለፈ። መንደሩ "ሐኪሟና ጓደኛዋ" ይላል፣ አለቀ። እኔም እንደዚያው ስል ኖርኩ። ሴት ለሴት መጋባት በሕግ ከተፈቀደ ዓመታት አልፈዋል፤ እዚህ መንደራችን ቫልኩዝ ግን ነገሩ የሚኖረው ቴሌቪዥን ውስጥ ነበር። ዛሬ ወጥቶ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።

ወረቀቱ የተሟላ ነው። ቀኑን መርጠዋል፣ ኤፕሪል 29፣ ቅዳሜ። "በጾም ሰርግ እንደማትወድ ስለማውቅ ነው" አለች ኖኤሚ። ታሾፍብኛለች። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ "ሌላ ሰው አይደለም። አንተ ራስህ እንድታጋባን ነው የምንፈልገው።"

"እንግዲህ... እናያለን።"

"አባትሽስ?" ስላት፣ "ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ" አለች። ክሎቲልድ ቦርሳዋን ያዘችላት።

ለኡጌት ነገርኳት። ሾርባውን እያማሰለች፣ "ምን አልካት?" አለችኝ።

"እናያለን አልኳት።"

"እናያለን? እናያለን የሚባለው በግ ሲገዛ ነው።"

ተኮራርፈን በላን።

እሑድ፣ ማርች 12

ማርስለን ከጎኔ አልተቀመጠም። ከኋላ፣ ዓምዱ ሥር። እኔና እሱ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነው የምንቀመጠው፣ ከጎረምሳነታችን ጀምሮ። የጎኔ ቦታ ባዶ ሆኖ ቅዳሴው አላልቅ አለኝ።

ውጭ ጠበቅኩት።

"እውነት ነው ልታጋባቸው ነው?"

"ገና አልወሰንኩም።"

"ያንን የከንቲባ መታጠቂያ ለዚህ ነገር ከታጠቅህ፣ ሁለተኛ አጠገቤ አትቀመጥ።"

አንተ አይደለህ የሄድከው? ልለው ነበር። ፊቱን አይቼ ተውኩት። ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል። ሄደ ሲባል ተመለሰና፣ "በሩ ክፍት ነው አይደል የሚሆነው? የሚቃወም ይግባ አይደል የሚለው? እገባለሁ" አለኝ።

እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ማርስለን ያለውን ያደርጋል። በሰው ፊት ልጁን... እሷስ እንዴት ትችለዋለች? ከአባት አፍ ከወጣ በኋላ በምን ይመለሳል? ሕጋዊ ምክንያት ከሌለው ሕጉ የአባት ጩኸት አይሰማም፣ አጋባቸዋለሁ፣ ያልቃል። ለነሱ ግን ያኔ ነው የሚጀምረው።

ማክሰኞ፣ ማርች 14

ጊስሌን መስማቷ አይቀርም፣ ሰማች። እየከነፈች መጣች።

"ለኔ ስጠኝ! ምክንያት እንኳ መስጠት የለብህም፣ ከንቲባው ካልተመቸው ምክትሉ ያጋባል። ደስ እያለኝ ነው የማደርገው።"

"ደስ እንደሚልሽ አየሁ።"

"ፊርመን፣ አንተ ቤተ ክርስቲያን የምትስም ሰው ነህ፣ አልፈርድብህም። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን እግዚአብሔር የለም፣ ሕግ ብቻ ነው ያለው።"

ግድግዳውን አየሁት። በአያቶቻችን ጊዜ መስቀል ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ አሁንም ነጣ ብሎ ይታያል። በላዩ ቀለም እንቀባ ሲባል ስንት ጊዜ ተላለፈ... እንደ መንጠቆው። ከሥሩ የሪፐብሊኳ ምልክት የሆነችው ሴትዮ ሐውልት ቆማለች፣ ከንፈሯ ላይ የአቧራ ጢም አብቅላ። እሷም የሚያያት የለ።

ለጊስሌን ብሰጣትስ? ሁሉም ነገር ይቀላል። ማርስለን ወደ ወንበሩ ይመለሳል። እኔም የማምነውን እንዳመንኩ እቀመጣለሁ። ጋብቻ ለኔ ምሥጢረ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወንድና ሴት። እንዲህ ተማርኩ፣ እንዲህ ኖርኩ፣ አሁን በእርጅናዬ አልለወጥም።

"እሺ፣ አንቺ አጋቢያቸው" አልኳት።

ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ራት አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 18

ዝናብ። ለኖኤሚ አልነገርኳትም። ጊስሌን ብትነግራት ይሻላል... ፈሪ!

ሐሙስ፣ ማርች 23

አባ ፕሮስፔር ቤተ ክርስቲያኑ መጡ፣ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ያለውን ባልዲ ሊያዩ። እኚህ ሰው ከቤኒን መጥተው የስንት መንደር ቅዳሴ በአንዲት አሮጌ መኪና ያዳርሳሉ። ብርዱን እስካሁን አልለመዱትም፤ ከቀሚሳቸው ሥር ሁለት ሹራብ ነው የሚደርቡት። ጥግ ይዤ ጠየቅኳቸው።

"አባ፣ እኔ ባጋባቸው ኃጢአት ነው?"

"እኔ በቤተ ክርስቲያኔ አላጋባቸውም፣ አልችልም። ይህን ታውቃለህ።"

"እሱንማ አውቃለሁ። እኔስ? ማዘጋጃ ቤት?"

ባልዲውን አፈሰሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። "ፊርመን፣ አንተና ኡጌት መጀመሪያ የት ነው የተጋባችሁት?"

"ማዘጋጃ ቤት። ከዚያ እዚህ።"

"አንተ ማዘጋጃ ቤት ሳታጋባ እኔ እዚህ ባጋባ ማን ይቀጣል?"

"እርስዎ ይቀጣሉ፣ ሕጉ ነው።"

"ስለዚህ በሕጉ እኔ የምመጣው ካንተ በኋላ ነው። አሁን ደግሞ ካንተ በፊት ልግባልህ? ከንቲባው ምን ያድርግ የሚለውን ከመሠዊያው ቆሜ ልንገርህ? ካማረህ እነግርሃለሁ። ከዚያ ግን የመንገዱንም፣ የትምህርት ቤቱንም፣ የጣሪያውንም በጀት እኔ እደለድለዋለሁ።"

"ኧረ እሷንማ እንዳይሞክሯት!"

ሳቁ። ጥርሳቸው ሁሉ ታየ። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው፣ "ለክርስትና ልጅህ ምን እንደምትሆን ግን ጠይቀኝ፣ እሱ የኔ ሥራ ነው" አሉኝ።

አልጠየቅኳቸውም። መልሱን ፈራሁት።

ረቡዕ፣ ማርች 29

በማርስለን ጋጣ በኩል ሳልፍ የክሎቲልድን መኪና አየሁ። ምን ይሆን ብዬ ገባሁ።

አንዲት ለጋ በግ ምጥ ጠንቶባት ነው። ክሎቲልድ ተንበርክካ እጇን ከአንጓዋ አልፋ አስገብታለች። ማርስለን የበጓን አንገት ይዟል።

"ያዟት።"

"ይዣታለሁ።"

"አንዱ እግር ታጥፏል... ቆይ... መጣ። ሌላም አለ።"

መንታ። ሁለተኛው አልተነፈሰም። የኋላ እግሮቹን ይዛ ወዘወዘችው፣ አፍንጫውን ጠረገችለት፣ በገለባ አሸችው... አነጠሰ! ማርስለን ሳያስበው፣ "ጎበዝ!" አለ። ለጠቦቱ ይሁን ለሷ እንጃ።

ፎጣ ሰጣት። አይብ ጠቀለለላት። እጇን እየታጠበች፣ "አቶ ማርስለን፣ ስለ ኤፕሪሉ..." ስትል፣ "ስለ በጓ አመሰግናለሁ" ብሏት ወደ ቤት ገባ።

ተከተልኩት። ንዴቴ መጣ።

"ለበግህ ጊዜ ትጠራታለህ፣ ለልጅህ ጊዜ ትዘጋባታለህ?"

"በግና ልጅ አንድ ናቸው እንዴ?"

"አይደሉም፣ ልጅ ይበልጣል!"

"ፊርመን፣ ሂድልኝ።" ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ማርት ብትኖር ምን ትል ነበር እያልኩ ነው የማድረው። አንተ ታውቃለህ ምን እንደምትል?"

አላውቅም። ወይም አውቃለሁ... ማርት ልጇን ትሰማ ነበር። አልነገርኩትም፣ ሚስቱ ናት፣ እሱ ይድረስበት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 2

ሆሳዕና። ጎኔ ባዶ። የተባረከውን ቅጠል ለእሱም አንድ ያዝኩለትና በቤቱ በር ላይ ሰካሁለት።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 6

ጸሎተ ሐሙስ። አባ ፕሮስፔር የሽማግሌዎች እግር አጠቡ፣ የኔንም። ውኃው ቀዝቃዛ! ስወጣ ኖኤሚ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

"ጊስሌን ናት አሉ የምታጋባን።"

"ማን ነገረሽ?"

"ጊስሌን።"

አብረን ቁልቁል ሄድን። "እንድትባርከን አይደለም እኮ የጠየቅኩህ አባባ። የበረከቱን ቤት አውቀዋለሁ፣ እኔው ሄጄ እለምናለሁ፣ ከሰጠኝም እግዚአብሔር ነው። ከንቲባው እንዲያጋባኝ ነው የፈለግኩት። ከንቲባው ደግሞ አንተ ሆንክ፣ ምን ላድርግ?"

"ጊስሌንም እኮ ያው ናት። ፊርማው አንድ ነው።"

"አንድ አይደለም። አባቴ አይመጣም። ቢመጣም ለመጮህ ነው የሚመጣው፣ ለኔም ነግሮኛል።" መንገዱ ላይ ቆመች። "ስጠመቅ ታቅፈኸኝ ምን ብለህ ነው ቃል የገባኸው? ወላጆቿ በማይኖሩበት እኔ አለሁ አላልክም?"

"እሱማ... ለሃይማኖቱ ነው። ለጸሎቱ..."

"እህ፣ ለጸሎቱ ብቻ ነበር? ብስክሌት ያስተማርከኝስ?"

እውነቷን ነው። ብስክሌቱ በቃል ኪዳኑ ውስጥ አልነበረም። ወደ መቃብሩ በሚወርደው መንገድ ኮርቻውን ይዤላት ስሮጥ፣ "እንዳትለቀኝ!" ትል ነበር። ለቅቄያት እንኳ "ይዤሻለሁ" እላለሁ። እሷ አሁን ያንን አላነሳችም። እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ለራሴ።

ቤት ስገባ ኡጌት ባለሦስት ቀለሙን መታጠቂያ ከቁም ሳጥን አውጥታ ትተኩሳለች።

"ማን አዘዘሽ?"

"ተጨማዷል።"

ለጊስሌን ደወልኩላት። እኔው ነኝ የማጋባው አልኳት። እሷም፣ "ውይ! ንግግር አዘጋጅቼ ነበር እኮ!" ...ንግግሯን በጣሪያው ምርቃት ቀን እንሰማላታለን።

ያመንኩትን አልለወጥኩም። እሱ ከሸሚዜ ሥር አለ፣ ከመስቀሌ ጋር። መታጠቂያው ከላይ ነው። ሁለቱንም ለብሶ መቆም ይቻል እንደሆን አያለሁ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 9

ትንሣኤ። ኖኤሚና ክሎቲልድ ምሳ እኛ ጋ በሉ። ማርስለን በየዓመቱ የሚቀመጥበት ወንበር ባዶ ነበር። ኡጌት ሳህኑን አላነሳችም። ክሎቲልድ ሥጋውን ቆራርጣ ድርሻውን በሳህን ሸፈነች፣ ማንም ሳይነግራት። ኡጌት ማታ አደረሰችለት። ተቀበለኝ አለች። አመሰግናለሁ እንኳ ብሏል።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 17

ዓርብ ዕለት የጋብቻ ማስታወቂያው ሰሌዳው ላይ ወጥቷል። ሕጉ የሚለውን ያህል ቀን እዚያ ይቆያል፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው። አነበበው። ዳቦ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። አንዷ "ዘመኑ ነው" ትላለች፣ ሌላዋ "የምን ዘመን፣ ጥሩ ልጆች ናቸው" ትላታለች። ሦስተኛዋ ሰርጉ ላይ ምን እንደምትለብስ ትጠይቃለች።

ረፋዱ ላይ በመስኮት አየሁ... ማርስለን። ሰሌዳው ፊት ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል። ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ ድንጋዩን ዘሎ ገባ።

"ተሳስተሃል።"

"ምኑን?"

"ስሟን። ሙሉው ኖኤሚ ማርት ነው፣ በእናቷ ስም። ማርትን የት ጣልካት?"

አየሁት። እውነትም ጎድሏል። ጸሐፊዋ ናት የጻፈችው፣ እኔ ነኝ ሳላይ የፈረምኩት። የክርስትና ልጄን ስም! እዚያው በፊቱ ሌላ ታትሞ ተለጠፈ። ጣቱን በየፊደሉ ላይ እየሳበ አነበበው።

"አሁን ልክ ነው።"

"ማርስለን... ትመጣለህ?"

"እገባለሁ ብዬሃለሁ።"

ሄደ። ተቃውሞ የሚያቀርብ ሰው ስም ያርማል እንዴ? አልገባኝም። ኡጌትም አልገባትም፣ እሷ ደግሞ የማይገባት ነገር የለም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 28

አዳራሹ ተወለወለ። የሪፐብሊኳ ሴትዮ ጢሟን ተላጨች። ጊስሌን አበባ ስትደረድር ዋለች። ከሙሽሮቹ ይልቅ የሷ ሰርግ ነው የሚመስለው።

በቲቪ ነገ ዝናብና ነፋስ ብለዋል። ጊስሌን ቀረብ ብላ፣ "ፊርመን፣ በሩን እንዝጋው። በርዶን ነው እንላለን። እሱ ሰውዬ መጥቶ ልጅቷን ከሚያዋርዳት..."

አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው? እዚህ ሕግ ብቻ ነው ያለው ያልሽኝ? አልኳት። ቀላች።

እኔም አስቤው ነበር፣ አልዋሽም። ዛሬ ሦስቴ ሄጄ በሩን አየሁት። ግን የተዘጋ በር ምን ጋብቻ ነው? አንድ ጠማማ ተነስቶ ነገ ይህ ዋጋ የለውም ቢልስ? ለሁሉም ሰው ክፍት ከሆነ ለነሱም ክፍት ነው። የሚቃወም ይግባ። ማርስለንም ይግባ።

ከጮኸስ? አላውቅም። እጸልያለሁ፣ ሌላ ምን አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 29

እንዳልረሳው አሁኑኑ ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቷል። ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙም አሉ። ኖኤሚ ሰማያዊ ቀሚስ፣ በእናቷ ካባ። ክሎቲልድ ነጭ ሱሪና ኮት፣ ጫማዋ አዲስ፣ ያስነክሳታል። ዝናቡ ካፊያ፣ ነፋሱ ግን ከምዕራብ። በሩን አየሁ... ድንጋዩ የለም! በቦታው የአበባ ማሰሮ።

"ጊስሌን፣ ድንጋዩስ?"

"እንዴ፣ በሰርግ ቀን ድንጋይ? ያስጠላል።"

ልመልሰው ብል ሰዓቱ ደርሷል። ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን አንቀጽ ሳነብ አየሁት። አደባባዩን ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሰንጥቆ ይመጣል። የእሑድ ባርኔጣ፣ የእሑድ ኮት። ሰው ሁሉ ዞረ። ኖኤሚ አልዞረችም፣ ከፊቴ አንብባ አውቃዋለች፣ እንደ ወረቀት ነጣች። ክሎቲልድ እጇን ያዘቻት።

ደፉ ላይ ቆመ። አልገባም። አልተናገረም። ባርኔጣውን አወለቀ።

ማንበቤን ቀጠልኩ። ምን ላድርግ? "ተጋቢዎች መከባበር፣ መተማመን፣ መረዳዳት ይገባቸዋል..." ድምፄን ራሴ አላውቀውም። እያነበብኩ እሱን አያለሁ፣ እሱ ወለሉን ያያል። አሁን ይጮሃል፣ አሁን... ከአንቀጽ አንቀጽ ስሻገር ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

ያኔ ነፋሱ መጣ። ማሰሮው ተገለበጠ፣ ተሰበረ፣ አፈሩ ተዘረገፈ። በሩ እየተንደረደረ መጣ... ማርስለን እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላይ "ጧ!" ሲል እኔ ድረስ ተሰማኝ። ያዘው። ገፋው፣ ወደ ኋላ መለሰው፣ በትከሻው ተደገፈው።

ማንበቤን አቆምኩ። አየሁት። አየኝ።

"ምን ታፈጥብኛለህ? አንብብ እንጂ! ክፍት ነው!"

...አነበብኩ። እንባዬ ፊደሉን እያጠፋብኝ በቃሌ ነው የጨረስኩት። ክሎቲልድን ጠየቅኳት፣ "አዎ" አለች። ኖኤሚ ማርትን ጠየቅኳት። ስሟን ሙሉውን ስጠራ በሩ ጋ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። "አዎ" አለች፣ በመጀመሪያ ለኔ፣ ከዚያ ዞራ ወደ በሩ።

በሕግ ስም በጋብቻ መጣመራቸውን አወጅኩ። ከጊስሌን የበለጠ ያለቀሰ የለም። እዚህ ክፍል ውስጥ እግዚአብሔር የለም ያለችኝ ሴትዮ እኮ "ተመስገን" ስትል ሰምቻታለሁ! ይህን አነሳባታለሁ፣ ዕድሜ ልኳን ነው የማነሳባት።

ሰው ሲወጣ እሱ እንደቆመ ነበር። ነፋሱ ስላልተወው ሊለቀው አልቻለም። ሁሉም በክንዱ ሥር አለፈ። ኖኤሚ ደርሳ ጉንጩን ሳመችው። ሊያቅፋት ፈለገ፣ አየሁት፣ ነፃ የነበረው አንድ እጁ ብቻ ነው፣ በዚያው ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ ያዘ። ከዚያ ክሎቲልድን አያት።

"ሁለቱም ጠቦቶች ደህና ናቸው" አላት።

"እመጣለሁ፣ አያቸዋለሁ" አለችው።

ግብዣው ላይ አልመጣም። የማለቢያ ሰዓት ደረሰ ብሎ ሄደ። አልደረሰም ነበር፣ አውቃለሁ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 30

ቅዳሴ። ወንበሬ ላይ ወደ መካከል ወጣ ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ ብቻዬን መቀመጥ ለምጄ። አንድ ሰው ከጎኔ ቆመ።

"ጠጋ በል" አለኝ።

ጠጋ አልኩ። ስለ ትናንቱ አላወራንም። ኖኤሚና ክሎቲልድ ከኋላ ነበሩ፤ አባ ፕሮስፔር ስለነሱ ምንም አላሉም፣ በክፉም በደጉም። ሲወጡ ግን የሁለቱንም እጅ ጨበጡ። ማርስለን ቀኝ መዳፉ አብጧል። የመዝሙሩን መጽሐፍ እኔ ነኝ የገለጥኩለት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 2

ማለዳ ማዘጋጃ ቤት ስደርስ የመሰርሰሪያ ድምፅ። ማርስለን በሩ ሥር ተንበርክኳል፣ አዲስ መንጠቆ፣ ትልልቅ ብሎኖች። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ።

"ማን ፈቀደልህ? የማዘጋጃ ቤት ንብረት ነው።"

"እሰረኝ እንግዲህ!"

ብሎን አቀበልኩት። ሌላ አቀበልኩት። ሥራውን ጨርሶ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ መንጠቆው ላይ ሰካው፣ ነቀነቀው። ንቅንቅ አይልም። ተነሳ፣ ጉልበቱን አራገፈ። እሑድ ልጆቹ ምሳ ይመጣሉ አለኝ፣ ሁለቱም። "ልጆቹ" ነው ያለው። ክሎቲልድ ዓሣ ትወድ እንደሆን ጠየቀኝ፣ እኔ ምን አውቄ፣ ኡጌትን ጠይቃት አልኩት።

ከዚያ መሣሪያውን እየሰበሰበ፣ ቀና ሳይል፣ "ይሄን መንጠቆ በጊዜው አስጠግነህ ቢሆን ኖሮ፣ ውስጥ ገብቼ ከፊት እቀመጥ ነበር" አለኝ።

"ጥፋቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው" አልኩት።

"ነዋ!" አለ።

በማዘጋጃ ቤቱ ስም ይቅርታ ጠየቅኩት።